ታጥፎ የቀረ እጅ

ቫርፔት ሙኩች ድንጋዩን በበሬ ጋሪ ጭኖ ካራዞር መንደር የገባ ዕለት፣ አንታራም በግቢው ጥግ መሬት ተቆፍሮ በተሠራው ምድጃ አፍ ላይ ተንበርክካ ላቫሽ የሚባለውን ስስ ቂጣ ትጋግር ነበር። የሳሳውን ሊጥ ከምድጃው ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቀና ስትል የጋሪ ጎማ ሲያቃስት ሰማች። ድምፁ ቀርቦ ቀርቦ ደጃፏ ላይ ቆመ። የወረደው ሰው ዕድሜው ከሠላሳ የማይበልጥ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ ብናኝ የነጣ ነበር። ገና በዚያ ዕድሜው ቫርፔት ይሉታል፤ ሙያው የተመሰከረለት ሰው ማለታቸው ነው።

«የጋሉስት ቤት ይህ ነው?» አላት።

«ነው።»

«ድንጋያቸውን አምጥቻለሁ። ነፍሳቸውን ይማር። አንቺስ፣ እህቴ፣ ለሟቾቹ ምናቸው ነሽ?»

አንታራም ከጣቶቿ ላይ ሊጡን አራገፈች። «የሞተው አንድ ሰው ነው» አለችው። «እኔ ሚስቱ ነኝ።»

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ በገለባ የተሸፈነውን ጭነቱን አየ። ገለባውን ሊገልጥ የዘረጋውን እጁን መልሶ ሰበሰበ። ምድጃው ውስጥ የቀረው ላቫሽ ማረር ጀምሮ ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው በብርዱ ወራት፣ ሐይቁ ላይ ነው። ሴቫን ሐይቅ መሐሉ ባይረጋ እንኳ በካራዞር በኩል ያለው ክንፉ በየዓመቱ ጠንክሮ በረዶ ይሆናል፤ ሰውም ፈረስም እንደ መንገድ ይሄድበታል። ጋሉስት ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከተጋቡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ማዶ ያለችው የአንታራም አክስት ልጇን ልትድር ስለነበር፣ ጋሉስት ሚስቱን በፈረስ በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ አሳፍሮ ወጣ። ጥቂት እንደሄዱ በረዶው ከሥራቸው አጉረመረመ። ጋሉስት ፈረሱን አቁሞ ጆሮውን አቀና።

«ውረጂ» አላት።

«ምነው?»

«ይቅለለው። አንቺ ዳር ዳሩን በእግርሽ ነይ። ቀድመሽኝ ከገባሽ ደግሞ ቀደምኩት እያልሽ ለአገሩ ሁሉ እንዳታወሪ።»

እየሳቀች ወረደች። ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ጀርባውን ነው። ዳር ዳሩን ስትሄድ ውሽንፍር ደረሰባት፤ አክስቷ ቤት የገባችው ሞታ ተርፋ ነው። እሱ እዚያ አልነበረም። ሰማዩን አይቶ ተመልሶ ይሆናል ብለው አስተኟት። የሐይቁ ዳር መንገድ በዚያው ተዘጋ፤ ሰማዩ ለብዙ ቀን አልተገለጠም።

በካራዞር በኩል ደግሞ ሁለቱን አብረው ሲወጡ ያላየ አልነበረም። በማግስቱ ውሽንፍሩ ጥቂት ፋታ ሲሰጥ ዓሣ አጥማጆቹ ወጥተው ሲፈልጉ የተሸነቆረ በረዶ፣ ከሽንቁሩም ጠርዝ ላይ የአንታራምን ቀይ ሻል አገኙ። ጋሪው ላይ ረስታው የወረደችው ሻል ነው። ለቅሶው ለሁለቱም ተለቀሰ። የጋሉስት አጎት ሐማያክ ችኩል ሰው ነበር፤ የተራራው መንገድ ሳይዘጋብኝ ልድረስ ብሎ በዚያው ቀን ድንጋይ ጠራቢዎቹ ወዳሉበት መንደር ወጣ፤ አንዲት ጥጃ ሰጥቶ ለባልና ሚስቱ አንድ ድንጋይ አዘዘ፤ በረዶው ከኋላው እየዘጋበት ተመለሰ።

ሰማዩ ሲገለጥ አንታራም በእግሯ ወደ ቤቷ መጣች። በሩን የከፈተችላት አማቷ ሳናም ናት። ሳናም ባሏን በወጣትነቷ ቀብራ ያንን አንድ ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ነበረች። ምራቷን ስታይ አልጮኸችም፤ አላቀፈቻትምም። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ከኋላዋ ያለውን ባዶ መንገድ አየች።

«እሱስ?» አለች።

የጋሉስት አስከሬን በረዶው ሲቀልጥ ተገኝቶ ተቀበረ። ድንጋይ መታዘዙን ያስታወሰ የለም። ሐማያክ እንኳ፣ በኋላ ሲጠየቅ፣ ሰው ነግሮት ይሆናል ብዬ ነበር አለ። ተራራው ላይ ግን ሙኩች ብርዱን ሙሉ ጎጆው ውስጥ ተዘግቶ የማያውቃቸውን ባልና ሚስት ሲጠርብ ነበር የከረመው።

ድንጋዩ መቃብሩ በር ላይ ሲወርድ መንደሩ ሁሉ ወጣ። እንደ ሣጥን የረዘመ፣ ግራጫ፣ ከባድ ድንጋይ ነው። ሙኩች ከጎኑ ላይ ገለባውን በመዳፉ ጠረገ።

በካራዞር መቃብር ሙታን ከነኑሯቸው ድንጋይ ላይ ይቀረጻሉ። አንጥረኛው መዶሻው ከጎኑ አለ። ምንጣፍ ትሠራ የነበረችው ማበጠሪያዋ ከእግሯ ሥር ነው። ሳያገባ ለሞተው ልጅ ኮርቻው ባዶ የሆነ ፈረስ ተቀርጾለታል፤ በወሊድ ለሞተችውም የሕፃን አልጋ። ሙቱን ለማስተናገድ አብረውት የሚቀረጹ ሕያዋንም አሉ፤ ወይን የምትቀዳ እናት፣ ዋሽንት የሚነፋ ወንድም። ሕያው የሆነ ሰው አንድ ነገር በእጁ ይጨብጣል። እጁን ባዶውን ደረቱ ላይ ያጠፈ ግን የሞተ ነው። ይህን የካራዞር ልጅ ከፊደል በፊት ያውቀዋል።

በአዲሱ ድንጋይ ላይ ጋሉስትና አንታራም በአንድ ማዕድ ተቀምጠዋል። ማዕዱ ላይ ዓሣ፣ የታጠፈ ላቫሽ፣ አንድ ማሰሮ አለ። የአንታራም ሁለት ጉንጉን በትከሻዋ ላይ ወርዷል። የሁለቱም እጅ ደረታቸው ላይ ታጥፏል። ከሥር ስማቸው ተጽፏል፤ ከስማቸውም ሥር አንድ ዓመት፣ ለሁለቱም።

ሰዉ ቀርቦ አነበበ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው።

«አንታራም፣ ነፍስሽን ይማር!»

«አፍንጫዋን ግን አሳምሮላታል» አለች ሌላዋ። «ከቋሚዋ ሟቿ ታምራለች።»

አንታራምም ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ። ሐማያክ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ «ሁለት ናቸው አሉኝ፣ ሁለት አዘዝኩ! እኔ ሐይቅ ውስጥ ገብቼ አልቆጠርኳቸው!» እያለ ለሁሉም በየተራ ያስረዳል። ያልሳቀው ሙኩች ብቻ ነበር።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ። መልሼ እወስደዋለሁ» አላት። «እጅሽን እከፍተዋለሁ። ደረትሽ ላይ በቂ ድንጋይ አለ፤ አንድ ማሰሮ ይወጣዋል። ዓመቱንም ለእሱ ብቻ አደርገዋለሁ።»

«አይመለስም» አለች ሳናም።

መቃብር በር የደረሰ ድንጋይ ባዶውን አይመለስም፣ ሰው ይዞ ይሄዳል ብለው ያምናሉ እዚያ። ሳናም የፈራችው ግን ያንን አይመስልም ነበር። እጇን ድንጋዩ ላይ፣ በልጇ ፊት ላይ አድርጋለች።

«እሱን አንዴ ውኃ ወሰደብኝ። አሁን ደግሞ ጋሪ አይወስደውም። እንዳለ ይተከል።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም» አለች አንታራም ቀስ ብላ።

ሳናም ዞር ብላ አየቻት። «አብራችሁ ነው የወጣችሁት» አለች።

ድንጋዩ እንዳለ ተተከለ።

ከዚያ በኋላ አንታራም ላይ ክፉ የሆነባት ሰው የለም። እንዲያውም ሁሉም ይራራላታል፤ ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይህ ነው። የሠርግ ላቫሽ ሲጋገር ሴቶቹ «አንቺ ዕረፊ፣ አንታራምዬ፣ ደክሞሻል» ይሏታል፤ ሊጡን ሳትነካው በትሕትና ከእጇ ይወስዱታል። ሕፃን ሲወለድ ልታይ ከገባች እናትየዋ ልጁን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ልጆች እየተወራረዱ መጥተው ቀሚሷን ይነኩና በሩጫ ይበተናሉ። ስሟም የድንጋይዋ አንታራም ሆነ። በሙታን መታሰቢያ ቀን ከመቃብሩ ስትደርስ ጎረቤቷ ኹማር ሁለት ጧፍ እያበራች አገኘቻት።

«ኹማር፣ ሁለተኛው ለማነው?»

«ላንቺ ነው፣ ሆዴ። ለእሱ አብርቼ ላንቺ ብተው ቅር አይልሽም?»

«ነፍሴ እኮ ገና ቤቷ ናት።»

«እሱማ ናት። ቢሆንም ብርሃን አይጎዳም» አለችና ጧፏን ከነፋሱ በእጇ ጋረደችላት።

በሦስተኛው ዓመት ባለወፍጮው ታቶስ ያናግራት ጀመር። ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ከታችኛው መንደር ይኖራል፤ ጢሙ ሁልጊዜ በዱቄት የነጣ፣ ቀልዱን ፊቱን ሳያፈታ የሚናገር ሰው ነው።

«መንደርተኛሽ ሞታለች ይለኛል» አላት አንድ ቀን ከረጢቷን እያሰረላት።

«እውነታቸውን ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዱቄት የሚበላው ማነው?»

«አማቴ ናት።»

«የፊተኛዋ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትነዘንዘኝ ነው የኖረችው። የሞተች ሴት ባገባ ቢያንስ ቤቱ ጸጥ ይላል።»

አንታራም ከልቧ ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ስለነበር ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ከዚያ ወዲያ ዱቄቱ ሳያልቅ ወፍጮ ቤት መውረድ ጀመረች፤ ሳናምም ገና ያልጎደለውን ከረጢት ታያለች።

የታቶስ እናት ግን እንቢ አለች። «ስሟ መቃብር ላይ የተጻፈ ሴት ከቤቴ አትገባም» አለች። «ከመቃብር ስሟን ብሎ የሚመጣ ነገር ቢኖር የልጄን ደጃፍ ነው የሚያንኳኳው። ከድንጋዩ ትውረድ፣ ከዚያ ራሴ እድራታለሁ።» ታቶስ አልተሟገተም። ተራራውን ወጥቶ ሙኩችን አናገረው። ሙኩችም ሲጠብቅ የኖረ ይመስል መሮና መዶሻውን ይዞ በዚያው ሳምንት ወረደ።

የቅጠል መርገፊያ ወራት ነበር፤ ከሐይቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነሣል። ሙኩች ከድንጋዩ ፊት ተንበርክኮ የአንታራምን ደረት በጠመኔ ምልክት አደረገ። ማሰሮውን ለመቅረጽ መሮውን ገና ሲያስጠጋ ሳናም መጣች። አልተሳደበችም፤ አልጮኸችም። በእሱና በድንጋዩ መካከል ገብታ ጀርባዋን ለምስሉ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ይነሡ፣ እናቴ» አላት ሙኩች።

«ጥረብ» አለችው። «እኔን አልፈህ ጥረብ።»

ታቶስ ከመቃብሩ አጥር ወዲያ ቆሟል። አንታራም ከአማቷ ፊት ቁጢጥ አለች። ለስድብ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ለእርግማንም እንዲሁ። ለብዙ ሳምንት በልቧ ስታሰናዳው የከረመችው ነገር ነበር።

«ይነሡ፤ መሬቱ ይቀዘቅዛል።»

«ከጋሪው ወርደሽ ነው የተረፍሽው» አለች ሳናም፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «አልፈርድብሽም፤ ውረጂ ያለሽ እሱ ራሱ ነው። አሁን ደግሞ ከዚህም ልትወርጂ ነው። ሂጂ። እሱ ግን በዚያ ማዕድ ብቻውን ይቀመጥ? እኔስ፣ በዚያ ቤት?»

አንታራም አቀርቅራ የአማቷን እግር አየች። ሳናም ከቤት ስትወጣ ተቻኩላ ነበር፤ በአንዱ እግሯ የራሷን ጫማ፣ በሌላው ከበሩ ጀርባ የነበረውን የጋሉስትን ጫማ አድርጋለች። ጫማው ሰፍቷት ተረከዟ ጭቃ ላይ ወጥቷል።

አንታራም ጫማውን አጠለቀችላት። ከዚያ ቀና ሳትል «ቫርፔት፣ ዕቃህን ሰብስብ» አለች።

«አንታራም!» አለ ታቶስ ከአጥሩ ወዲያ።

«እሷ እስክታልፍ» አለችው። «ከዚያ በኋላ።»

«ስንት ዓመት?»

ሳናም ያን ጊዜ አንድ ጥርሷ እንኳ ያልወለቀ ጠንካራ ሴት ነበረች። አንታራም አማቷን ደግፋ አስነሣቻት።

ታቶስ እስከሚቀጥለው መኸር ጠበቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለልጁ እናት ያስፈልጋት ነበር። ሌላ አገባ። የሠርጉ ላቫሽ ሲጋገር ጢሱ እስከ ካራዞር ታየ፤ አንታራም ያን ዕለት ከላሞቹ ጋር ዋለች።

ሳናምም ኖረች። አዲስ መንግሥት መጣ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ወርዶ ሕንፃው የገበሬዎቹ የጋራ እርሻ ማኅበር የገብስ መጋዘን ሆነ፤ እሷ ኖረች። የመንደሩ ወንዶች ወደ ጦርነቱ ሄደው ከብዙዎቹ የተመለሰው የመርዶ ወረቀት ብቻ ሆነ፤ እሷ ኖረች። ዓይኗ ጠፋ። አንታራም ቀን የማኅበሩን ላሞች ታልባለች፤ ሲመሽ የአማቷን እግር ታጥባለች፤ ከዚያ ከአጠገቧ ተቀምጣ እጇን ትይዛለች፤ ዓይነ ስውሯ እጇን ካልያዙላት አትተኛም ነበርና። ይጠላላሉ ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። ይዋደዳሉ ማለትም ይከብዳል። ለሁለቱም ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

በእነዚያ ዓመታት ሐይቁም ራቀ። መንግሥት ውኃውን ለመብራት ማመንጫና ለመስኖ እያወረደ ዳርቻው በየዓመቱ ወደ ውስጥ ሸሸ። ጋሉስት የሰጠመበት ቦታ በመጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ሣር ሆነ። አንድ ቀን አንታራም ከላም ኋላ እየሄደች የት እንደቆመች ስታስተውል ደነገጠች። ዙሪያዋን አየች። ያን ጊዜ በእግሯ ዳር ዳሩን የዞረችበት፣ ወደ ማዶ የሚያሻግረው መንገድ አሁን በእግር ቀጥ ብሎ የሚኬድ ደረቅ ሜዳ ነበር። ላሟ አንገቷን ደፍታ ትግጣለች።

ቤት ስትገባ ለሳናም ነገረቻት።

«ደርቋል?» አለች ሳናም።

«ደርቋል።»

ሳናም የአንታራምን እጅ ፈልጋ ያዘች። «እዚያ ከጋጡት ላሞች ያለባችሁትን ወተት አታምጪልኝ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «እኔን የቀበራችሁ ዕለት ሙኩችን ጥሪው። ድንጋዩ ላይ የታጠፈውን እጅሽን ይክፈትልሽ» አለቻት።

በዚያው ዓመት ሞተች። አንታራም ሙኩችን አልጠራችውም፤ እሱ ግን ሰምቶ መጣ። ዕቃው በአህያ ተጭኗል፤ እሱ በትር ተመርኩዟል። ከፎቶግራፍ ላይ ፊት የሚጫርበት የሚያበራ ጥቁር ድንጋይ ከከተማ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ምስል የሚያስቀርጸው ሰው አልነበረም። ከአንታራም የተቀበለውን የፍራፍሬ አረቄ ጠጣና አብረው ወደ መቃብሩ ወጡ።

ድንጋዩ ሽበት የመሰለ ሻጋታ ለብሷል። ሙኩች በአውራ ጣቱ ከአንታራም አፍንጫ ላይ ጠረገላት። የድንጋይዋ ሴት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉንጉኗ ወፍራም፣ ጉንጯ ሙሉ። አንታራም ከአጠገቧ ቆማ የራሷን ሻል አጠበቀች።

«አሁን የሚከለክል የለም» አለ ሙኩች። «ያን ጊዜ ማሰሮ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ አንቺ ንገሪኝ። ምን ላስይዝሽ?»

አንታራም አሰበች። ይህን ጥያቄ ያን ሁሉ ዓመት ስትጠብቀው ኖራ መልሱን አለማሰቧ ገረማት።

«ማሰሮ ይሁን?» አላት።

«ለማን ልቅዳ?»

«እንዝርት።»

«እሱማ ለሁሉም ሴት ይሆናል።»

«ላቫሽ ትጋግሪ ነበር፤ የመጣሁ ዕለት። አንዱን አሳርሬብሻለሁ» አለና ፈገግ አለ። «እሱን አስይዤሽ ልካስሽ።»

እሷም ፈገግ አለች። «የሠርግ ላቫሽ ሳልነካ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ኹማር ብታየው ከመቃብሯ ተነሥታ ትስቃለች።»

ሙኩች ጠበቀ። ነፋሱ ሲበረታ አህያዋ ጀርባዋን ሰጠች። አንታራም እጆቿን ከሻሏ ሥር አውጥታ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ለራሷ አየቻቸው።

«የያዝኩት የአሮጊቷን እጅ ነው» አለች። «ሌላ የያዝኩት ነገር ትዝ አይለኝም።»

«እሷን ልጨምራት ታዲያ? ከጎንሽ ጥቂት ቦታ አለ።»

«እሷ ባሏ ዘንድ ናት። እዚያው ትረፍ።» እጇን መልሳ ሻሏ ውስጥ ከተተች፤ ከብርዱም ይሆናል፣ ደረቷ ላይ አጠፈችው። «ተወው፣ ቫርፔት። እንዳለ ይሁን።»

ሙኩች ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ የቆመችበትን ሁኔታ ሲያይ ግን መሮውን መጠቅለያው ውስጥ መልሶ ከተተ። ከመነሣቱ በፊት እንደ ቸገረው ሰው ድንጋዩን ዝቅ ብሎ ተመለከተ።

«ዓመቱንስ? ሰው ሲያነበው አብራችሁ የሞታችሁ ይመስለዋል። ዓመቱን እንኳ ላስተካክለው።»

«ዓመቱ ልክ ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላም ጥቂት ዓመት ላሞቹን አለበች። እሷ ስትሞት ሙኩች ቀድሟት ሞቶ ነበር፤ ማንም መሮ አላነሣም፤ የሚጻፍም አልነበረም። ከጋሉስት ጎን መሬቱን ከፍተው አስተኟት፤ እጇንም እንደ ማንኛውም ሟች ደረቷ ላይ አጠፉላት። ዛሬ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ያንን ድንጋይ አይቶ እነዚህ ወጣቶች እንዴት በአንድ ዓመት ሞቱ ብሎ ሲጠይቅ፣ የካራዞር ልጆች በረዶው ላይ አብረው ሲሄዱ ነው ይሉታል። በረዶው የት እንደሆነ ሲጠይቃቸውም ላሞች ወደሚግጡበት ሜዳ በእጃቸው ያሳዩታል።